በር ላይ የቆመው አንድ ኤሌክትሮን

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። እንደ እኔ «አውቃለሁ» ማለት የሚወዱ አባቶች እንዲያነቡት ነው። ልጄ ማህደር ረቂቁን አንብባ፣ «ይውጣ፤ ግን ራስዎን አያሳምሩ» ብላኛለች። አላሳምርም።

ደምሴ እባላለሁ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ጉልበቴን የጨረስኩት በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ቀለም ቤት፣ ሱፍ በሚነከርበት ክፍል ነው። ገና እንደተቀጠርኩ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በርሜል ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ስላልቻለ ውሃ መስሎት አሲድ ውስጥ እጁን ከተተ። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ያን ዕለት፣ «ከእንግዲህ ምንነቱን የማላውቀውን ነገር አልነካም፤ የእኔ የሆነ ሰውም አይነካም» ብዬ ማልኩ። ያገለገሉ የኬሚስትሪ መጻሕፍት ገዛሁ፤ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ከሥራ ስመለስ እያንዳንዷን ቃል እየፈታሁ አነበብኩ። ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ሰፈርተኛው ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፌዝ «መምህር ደምሴ» ይለኝ ጀመር። እኔ ግን ሁሉንም በአክብሮት ነበር የምወስደው።

የንጥረ ነገሮቹን ሠንጠረዥ በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በእጄ ሥዬ ሳሎን ሰቀልኩት። ልጆቼ እራት ከመብላታቸው በፊት አንድ አምድ በቃላቸው ይወጡ ነበር። የጻፉት ፊደል ከተጣመመ በማስመሪያ መዳፋቸውን እመታለሁ። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ያስተማርኳቸው በራሴ አነጋገር ነው። «አቶም ማለት ቤት ነው» እላቸዋለሁ። «መካከሉ ላይ አስኳሉ አለ። ዙሪያውን ኤሌክትሮኖች ክፍል በክፍል ሆነው ይኖራሉ። የውስጥ ክፍል ያሉት ከጎረቤት ጋር ጉዳይ የላቸውም። የሚሰጠውም የሚቀበለውም፣ የሚጣላውም የሚጋባውም በር ላይ የቆመው ነው። የአንዱን ጠባይ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ቤቱ ስንት ክፍል ነው አትበሉ፤ በሩ ላይ ስንት ቆመዋል በሉ።» መጽሐፉ እነዚህን የበር ላይ ኤሌክትሮኖች ቫሌንስ ይላቸዋል። እንደ ኒዮን በሩ ላይ ስምንት የሞላለት ማንንም አይፈልግም። እንደ ክሎሪን ሰባት ይዞ አንድ የጎደለበት ካገኘው ላይ ይነጥቃል። አንድ ብቻ ያለው ደግሞ ያቺን አንዷን ሰጥቶ ለመገላገል ይቸኩላል። ሶዲየም አንዷን ለክሎሪን ሲሰጥ፣ ገበታ ላይ የምናገኘው ጨው ይሆናል።

ማህደር ከሁሉ አስቀድማ የያዘችው የመጀመሪያውን አምድ ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ «ሃይድሮጅን፣ ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም…» ትላለች። እኔም፣ «ከሃይድሮጅን በታች ያሉት ምንና ምን ናቸው?» እላለሁ። «ወንድማማች ናቸው፣ አባባ!» «ለምን?» «ቤታቸው ይለያያል እንጂ በራቸው ላይ የቆመው አንድ አንድ ነው!» «ስለዚህስ?» «አንዱ የገባበት ሌላውም ይገባል!»

ይህን መልስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እባካችሁ ያዙልኝ።

ማህደር አድጋ ጫጫ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆነች፤ ሕፃናትን ፊደል ታስቆጥራለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት ታመመች። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ለቀናት ያለማቋረጥ ተናገረች፣ ሳቀች፣ ልብሷን ለመንገደኛ ሁሉ አደለች። ከዚያ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሁለት ወር ተኛች። አዲስ አበባ ወስደናት አንድ የአእምሮ ሐኪም አያት። የበሽታውን ስም ነገረንና መድኃኒት አዘዘላት። መድኃኒቱ ሊቲየም ነው።

ስሙን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል። «አውቀዋለሁ! ሦስተኛው ነው! በሩ ላይ አንድ ያለው!» አልኩት። ሐኪሙ ፈገግ አለና ወደ ማህደር ዞረ። «ውሃ በደንብ ጠጪ። ጨው እንዳትቀንሺ። ካስታወከሽ ወይም ካስቀመጠሽ መድኃኒቱን አቁመሽ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂጂ። ደምሽንም በየጊዜው ተመርመሪ» አላት። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ግን የጨውን ነገር ስለ ምግብ ፍላጎት የተነገረ ምክር አድርጌ ወሰድኩት። «ደህና ብዪ» እንደ ማለት።

በዚያ በጨለማው ሁለት ወር እኔ ተስዬ ነበር። «ልጄን ከመለስክልኝ ሰባት ቀን ሱባኤ እገባለሁ፤ እሷም እኔም ጨው ሳንቀምስ በሶ በውሃ ብቻ እየበላን ጠበሉን እንጠመቃለን» ብዬ። ጨው የሌለበት ጾም ማንም አላዘዘኝም። ከራሴ ነው ያወጣሁት፤ ከበድ ያለ ነገር ካልከፈልኩ የማይሰማኝ መስሎኝ። ማህደር መድኃኒቱን በጀመረች በሰባት ወሯ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለዚህ ስእለቱን መክፈል ነበረብኝ።

«አባባ፣ ዶክተሩ ጨው አትቀንሺ ብሎኛል እኮ» አለችኝ ልንሄድ ስንል።

«ዶክተሩ ያለው ለዘወትር ነው። ሰባት ቀን ምን አላት? መድኃኒትሽን አላስተውሽም። እንደ ሌላው ኋላ ቀር አይደለሁም። ሃይማኖትንም ሳይንስንም ይዤ ነው የምሄድ» አልኳት።

ባለቤቴ አስካለ በር ላይ ቆማ ነበር። «አንተ ሰው፣ ስእለቱ የአንተ አፍ የተናገረው ነው። ልጅቱን ተዋት» አለች።

«አንቺ ጸሎትሽን አድርጊ» አልኩና ወጣን።

ጠበሉ ከጎረቤላ በታች፣ ገደሉን በእግር ወርደው የሚደርሱበት ቦታ ነው። የአንኮበር ብርድ አጥንት ይሰብራል። እንደደረስን ማደሪያችን ውስጥ ሻንጣዋን ስፈትሽ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። ጨው ነው። አስካለ ናት የደበቀችላት። ማህደር አየችኝ።

«እናቴ ናት፤ እኔ አላውቅም» አለች።

«ፈተና እንዲህ ነው የሚመጣው፤ በሚወዱት ሰው እጅ» አልኳትና ወደ ገደሉ ጫፍ ሄጄ ቋጠሮውን እንዳለ ወረወርኩት። ቁጥቋጦ ላይ አርፎ ተበተነ። ኮርቼም ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ጠዋት ተጠመቅን፤ ጠበሉን በጣሳ በጣሳ ጠጣን፤ በሶ በውሃ በጥብጠን ቀመስን። ክኒኗን በሰዓቱ እኔው ራሴ ከኪሴ እያወጣሁ ሰጠኋት። በሁለተኛው ቀን አስታወከች፤ ደጋግማም ወደ ዱር ወጣች። በዙሪያችን ያሉ ጠበልተኞች፣ «ይውጣላት! ይውጣላት!» እያሉ አበረታቷት። እኔም ደስ አለኝ። ጠበል የጠጣ ሰው ማስታወኩ ያለ ነው፤ እኔንም አስታውኮኛል።

ከሰዓት በኋላ ጠበሉን የሚያገለግሉ አንዲት መነኩሴ ንፍሮ በሳህን ይዘው መጡ። እማሆይ ነው የምንላቸው። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው።

«እንኪ ልጄ፣ ብዪ። ፊትሽ ገረጣ» አሏት።

«እማሆይ፣ ጨው አለበት?» አልኩ።

«ጨው የሌለው ንፍሮ ለዶሮ ነው የሚሰጥ» ብለው ሳቁ።

«እንግዲያው አትበላም። ሱባኤያችን ያለ ጨው ነው።»

ሳቃቸው ቀረ። «ማን አዘዘ? እዚህ እንዲህ ያለ ሕግ የለም።»

«የእኔ ስእለት ነው።»

«የአንተ ከሆነ አንተ ጹመው። እሷ ተስላለች?»

ፊቴን ወደ ጠበሉ አዞርኩ። «ሐኪም የሰጣት መድኃኒትስ አለ?» ሲሉኝ በኩራት፣ «አለ፤ አላስቆምኳትም» አልኩ። «ይህስ ደግ» ብለው ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱ። ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አዩን።

በሦስተኛው ቀን የማህደር እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ጣቷ ጥቂት ይርገበገብ ነበር፤ ይህ ግን የተለየ ነው። ጣሳውን ወደ አፏ ስታደርስ ጠበሉ ደረቷ ላይ ይፈሳል። ብርዱ ነው አልኩ። እኔም አብሬያት ጨው ትቻለሁ፤ እኔ ምንም አልሆንኩም። ካሳሳተኝ ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ልኳን በራሴ ለካሁት።

ወደ ማታ ገደማ በሶውን ሳቀርብላት በእጇ ገፋችው።

«ብዪ እንጂ።»

«አንተ ብላው» አለችኝ።

ማህደር በሃያ አራት ዓመቷ «አንተ» ብላኝ አታውቅም። በቤታችን አባት አንቱ ነው የሚባለው። ምላሷም ተሳስሮ ነበር፤ ቃሉ እንደ ሰካራም ተጎተተ። በጎናችን የነበረች ጠበልተኛ አማተበችና፣ «እሷ አይደለችም የተናገረች። ጉድ ሊታይ ነው፤ ነገ ይለፈልፋል» አለች። እኔ፣ ስድስት ዓመት መዝገበ ቃላት የገለጥኩት ሰው፣ አመንኳት። ክኒኗንም ሰጠኋት።

አራተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ሸንተረሩን አልፋ ስትመጣ ማህደር ለመነሳት ሞከረች። እግሮቿን አራርቃ ቆመች፤ አንድ እርምጃ ሄዳ ወደ ጎን ወደቀች። አንስቼ ግድግዳ አስደገፍኳት። ዓይኗ እኔን አልፎ ሌላ ነገር ያያል። ክንዷ ብቻውን ብድግ ብድግ ይላል።

«ማህደር! እኔ ማን ነኝ?»

ትከሻዋን ነቀነቅኩት።

«የት ነው ያለነው?»

«ክፍል… ልጆቹ ይግቡ» አለች።

ፈራሁ። ስፈራ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መፈተን። በልጅነቷ እንደማደርገው ድምፄን አጠንክሬ፣ «የመጀመሪያውን አምድ በዪ!» አልኳት። አእምሮዋ ካለ ይህን አታጣውም ብዬ ነው።

ታምናላችሁ? እጆቿን ወደ ኋላ ልታጣምር ሞከረች። እምቢ አሏት፤ እየተንቀጠቀጡ ሁለት ጊዜ ተላለፉ። ከዚያ በዚያ በተጎተተ ምላሷ፣

«ሃይ…ድሮ…ጅን» አለች።

«ቀጥዪ።»

«ሊ…ቲየም።»

«ቀጥዪ!»

«ሶ…ዲየም…» አለችና ቆመች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ በስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ፣ «ወንድ…ማማች። አንዱ… የገባበት…» አለች። አልጨረሰችውም።

እኔ ጨረስኩት። በሆዴ ውስጥ ጨረስኩት። ክኒኑ በግራ ኪሴ ነበር። ጨው ገደል ውስጥ ነበር። ሊቲየም። ሶዲየም። ከላይና ከታች፣ ምንም ሳይለያቸው፣ በገዛ እጄ የሣልኳቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅለው ነበር። አንዱን በሰዓቱ እያጎረስኩ ሌላውን ከልክያት ነበር። የሐኪሙ ድምፅ፣ «ጨው እንዳትቀንሺ፤ ካስታወከሽ አቁሚ» ያለው፣ ልክ አሁን የተናገረ ይመስል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ስለ ምግብ ፍላጎት አልነበረም። ስለ በሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል አላስታውስም። «ጨው! ጨው ስጡኝ!» እያልኩ ስሮጥ እማሆይን አገኘኋቸው።

«ምን ሆንክ?»

«እኔ ነኝ! ጋኔን የለባትም፤ እኔ ነኝ የመረዝኳት!»

እማሆይ አልጮኹም፤ አልተራገሙም። ጨውና ውሃ ይዘው መጡ። ማህደርን በክንዳቸው ደግፈው ጠብታ ጠብታ አቀመሷት። አንዱን ጉንጭ ዋጠች፤ ሁለተኛው ትን አላት። እማሆይ ጽዋውን አስቀመጡ።

«ይህ በእኛ እጅ የሚሆን አይደለም። ሐኪም ቤት! ወንዶች፣ ቃሬዛ!» ብለው ተጣሩ። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ አልቅሰህ ትጨርሳለህ፤ አሁን ተሸከም» አሉኝ።

አራት ሆነን ተሸከምናት። ዳገቱ ጉልበት የሚፈታ ነው። መንገድ ላይ ስንደርስ ከአልዩ አምባ በኩል ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ መጣ። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ ወፍራም፣ ጎልማሳ ሰው። ሳናስረዳው ወርዶ የጋቢናውን በር ከፈተ።

«ወላሂ ይህቺ ልጅ ደህና አይደለችም። አስገቧት፣ አስገቧት። አባት፣ አንተ ጭንቅላቷን ያዝ» አለ።

መንገዱ ሲጠማዘዝ ራሷን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። ሰይድ ሰው እንዳይተኛበት የሚያወራ ይመስል ዝም አላለም።

«ምን አገኛት?»

«ጨው ከለከልኳት» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ዞር ብሎ አየኝ። «ጨው? አያቶቼ ከቆላ አሞሌ እየጫኑ ይህን ዳገት ሲወጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ወርቅ የከለከለ አባት አውቃለሁ፤ ጨው የከለከለ ዛሬ ገና አየሁ።» ከዚያ ፊቴን አየና፣ «አውፍ በለኝ ጋሼ። አፌ ነው። አላህ ይማራታል፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ነዳጁን ረገጠ።

ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ትንፋሿን ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ የቆመ መስሎኝ ጆሮዬን አፏ ላይ ለጠፍኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም የልጄ እኩያ ነው። ኪሴ ውስጥ ያለውን የክኒን ዕቃ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበ። «ስንት ቀን ሆናት ካስታወከች?» አለኝ። «ሦስት።» «ምን ትበላ ነበር?» ነገርኩት። «መድኃኒቱን በመካከል አቆመች?» «አላቆመችም። እኔው በእጄ ስሰጣት ነበር።»

የክኒኑን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ነርሷን ጠርቶ ትእዛዝ እየሰጠ፣ በመካከል ለእኔ እንዲህ አለኝ፦

«አባት፣ ኩላሊት ሊቲየምንና ሶዲየምን አጥርቶ አይለይም። ሰውነት ጨው ሲያንሰው፣ የቀረው እንዳይወጣበት ያገኘውን ሁሉ አጥብቆ ይይዛል። ሶዲየም ነው ብሎ ሊቲየሙንም ይመልሰዋል። መውጣት የነበረበት ሳይወጣ፣ እርስዎ ደግሞ በየቀኑ ሲጨምሩበት፣ ደሟ ውስጥ ተከማቸ። አሁን አንጎሏን እየነካ ነው።»

«በሩ ላይ አንድ አንድ ስለሆኑ ነው» አልኩት።

«ምን አሉ?»

«ቫሌንሳቸው። አንድ አምድ ናቸው።»

እጁን አቆመና አየኝ። «ያውቁ ነበር?»

ይህ ጥያቄ ነው እስከ ዛሬ የሚከተለኝ። አዎ፣ አውቅ ነበር። ያልተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ «አላወቀም» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን አውቅ ነበር። ባለማወቅ አላጠፋሁም፤ ያወቅሁት ለመወደሻ ስለነበር ነው ያጠፋሁት።

ክንዷ ላይ መርፌ አስገብተው ያን ሰው ሁሉ ግሉኮስ የሚለውን ከረጢት ሰቀሉላት። ላስቲኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ለማንበብ ነው የተማርኩትና። ግሉኮስ አልነበረም። ሶዲየም ክሎራይድ ይላል። ጨውና ውሃ። ወደ ገደል የወረወርኩት ያ ቋጠሮ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እያለ ወደ ልጄ ክንድ ሲገባ ከግድግዳው ተደግፌ አየሁት።

አስካለ መጣች። ልጇን አየች፤ ግንባሯን ሳመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ቋጠሮውን አላገኘችውም?»

«አግኝቼ ጣልኩት።»

አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካክላ ከልጇ አልጋ ዳር ተቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ወራት አልፈው እንኳን፣ ገበታ ላይ «ጨው አቀብዪኝ» ስላት ጨውን ፊቴ አስቀምጣ ዓይኔን ሳታይ ትነሳ ነበር።

በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ላኳት፤ ደም በሚያጥብ ማሽን ደሟ ሁለት ጊዜ ታጠበ። በአምስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ፣ «አባባ፣ ልጆቹን ማን ያዛቸው?» አለችኝ። ተማሪዎቿን ነው። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ልጄ ተርፋለች። ግን እንደ ነበረች አልተመለሰችም። ሚዛን የሚጠብቀው የአንጎሏ ክፍል ተጎድቷል አሉን። ስትሄድ እግሯን ሰፋ አድርጋ ነው የምትረግጠው። ቀኝ እጇም አንድ ነገር ሊይዝ ሲዘረጋ ይንቀጠቀጣል። ይሻላል ተብሎ ጠበቅን፤ ጥቂት ተሻለ፤ ከዚያ ቆመ። በሽታዋን አሁን በሌላ መድኃኒት ትከላከላለች። መድኃኒቱን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ አልነካውም።

አንባቢዎቼ፣ ጠበሉን እንዳትነቅፉብኝ። ጠበሉ ጨው አልከለከላትም፤ እማሆይም ተቆጥተውኝ ነበር። ሊቲየምንም እንዳትፈሩብኝ፤ ልጄን ከግድግዳው ያዞረልኝ እሱ ነው። ሐኪሙም ተናግሯል፤ እናቷም ተናግራለች፤ እሷም ራሷ ተናግራለች። ሁሉም ተናገረ፤ ያልሰማሁ እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ሥጋ ስእለት አትሳሉ። ቤታችሁ ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ ጾምም ይሁን ሌላ ነገር፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሲመልስላችሁም «አውቀዋለሁ» ብላችሁ አታቋርጡት። ልጆቻችሁ በቃላቸው ሲወጡ ደግሞ ከጨረሱ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ይህ በእኛ ቤት የት አለ?» በሉ። እኔ ይህን ጠይቄያት አላውቅም። እኔንም የጠየቀኝ አልነበረም።

ሠንጠረዡን ከግድግዳው ላወርደው ነበር። ማህደር ናት የከለከለችኝ። «ይቆይ። እሱ ምን አጠፋ?» አለች።

ባለፈው ሳምንት ጫጫ ሄጄ ነበር። ወደ ማስተማር ተመልሳለች። ከክፍሏ ውጭ ሆኜ በመስኮት አየኋት፤ በግራ እጇ ቀኝ አንጓዋን ይዛ ሰሌዳው ላይ «ሀ» ጻፈች። እግሮቹ እንደ ቀጭን ጅረት ተጠማዝዘው ወረዱ። ሲደወል ደብተሮች ታቅፋ ወጣች፤ ለማገዝ ግማሹን ተቀበልኳትና አንዱን ገለጥኩ። የሕፃን እጅ ነው። ከላይ እስከ ታች «ሀ» ተጽፎበታል፤ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። ሌላ ገለጥኩ። እሱም ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛውም እንዲሁ።

ፊቴን አየችና ሳቀች። «አዎ አባባ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጽፉት። ፊደሉ እንደዚያ ይመስላቸዋል። ቀጥ አድርጉት ብላቸው፣ መምህርት እንደ ጻፉት ነው የጻፍን ይሉኛል።»

ለተጣመመ ፊደል መዳፏን የመታሁ ሰው ነኝ። ደብተሩን ዘጋሁት፤ በሁለት እጄም ያዝኩት።

«እረማቸዋለሁ» አለች ማህደር፤ «ቀስ በቀስ።»